ለወላጆቻችን የጋራ ቤት፦ አሜሪካ ላሉ ዕድሮችና ማኅበሮች የኮኦፕ አመሠራረት መመሪያ

ይህ ሐሳብ በዕድራችን የተነሣው ለቅሶ ቤት ነው። አንዲት እናት «ሰው የምናገኘው ሰው ሲሞት ብቻ ሆነ እኮ» አሉ። ልጃቸውን ለማገዝ መጥተው የልጅ ልጆች አሳድገዋል። አሁን ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ወላጆቹ ሥራ ሲውሉ እሳቸው ከቴሌቪዥን ጋር ይውላሉ። አውቶቡሱን አይደፍሩትም፤ ጎረቤታቸውን የሚያውቁት በእጅ ሰላምታ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አዛውንቶቻችን አብረው የሚያረጁበት፣ በየዓመቱ የሚጨምር ኪራይ የማያሳድዳቸው ቤት እንዴት እንደሚሠራ ስጠይቅ፣ ስሰበሰብና ስሳሳት ቆይቻለሁ። የተማርኩትን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

ኮኦፕ ማለት ምን ማለት ነው

በኮኦፕ ሕንፃው በሙሉ የማኅበሩ ነው። አባሉ የሚገዛው አፓርትመንቱን ሳይሆን የማኅበሩን ድርሻ ነው፤ ድርሻው በአንድ በተወሰነ ቤት የመኖር መብት ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የሕንፃው ዕዳ፣ ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ ማሞቂያና ጥገና ተደልድሎ የሚደርሰውን በየወሩ ይከፍላል። አከራይ የለም፣ ትርፍ ይዞ የሚሄድም የለም። አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ቤት የያዘም ትንሽ የያዘም ድምፁ አንድ ነው። ዕድር ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ኮኦፕ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ድርሻው በገበያ ዋጋ የሚሸጥበት አለ፤ እሱ ከኮንዶ ብዙም አይርቅም። ለእኛ የሚሆነው የድርሻው ዋጋ በመተዳደሪያ ደንብ የተገደበበት ነው። ለምሳሌ ድርሻው 30,000 ዶላር ቢሆንና በዓመት በመጀመሪያው ዋጋ 1 በመቶ ብቻ እንዲያድግ ደንቡ ቢወስን፣ ከ10 ዓመት በኋላ የሚወጣው አባል 33,000 ይዞ ይወጣል፤ ተተኪው አዛውንትም በዚያው 33,000 ይገባል። በሰፈሩ የቤት ዋጋ እጥፍ ቢሆን እንኳ የእኛ በር ለሚቀጥለው አዛውንት አይዘጋም።

መንገዱን ቀድመው የሄዱ አሉ። በሚኒሶታ፣ ኢዳይና ከተማ፣ 7500 ዮርክ የተባለው የአረጋውያን ኮኦፕ በ1978 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል፤ ከዚያ በኋላ ይህ ዓይነት ቤት በሚኒሶታ ተስፋፍቷል። ኒውዮርክ ማንሃተን ያለው ፔን ሳውዝ ደግሞ በልብስ ስፌት ሠራተኞች ማኅበር አማካይነት የተሠራ፣ በ1962 የተመረቀ፣ 2,820 ቤቶች ያሉት ነው። መጀመሪያ ለአረጋውያን ተብሎ አልተሠራም፤ ነዋሪዎቹ ግን እዚያው አረጁ። ስለዚህ በ1986 ነርስና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሕንፃው ድረስ የሚመጡበት ፕሮግራም አቋቋሙ። ሰው ከቤቱ ሳይነቀል የሚያረጅበት ዘዴ በመላ አገሪቱ አርአያ የሆነው ከዚያ ነው።

1. መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ መሬት

እኛ በመሬት ጀመርን፤ ትልቁ ስሕተታችን ይህ ነበር። ዋጋው ረከሰ ብለን ለአንድ ቦታ ቀብድ ከፈልን። አዛውንቶቹን በሚኒባስ ወስደን ስናሳያቸው ከአውቶቡስ መሥመር ሩቅ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሩቅ ነው፣ በእግር የሚደረስበት አንድ ሱቅ እንኳ የለም። «ከልጆቻችን ቤት አውጥታችሁ ሌላ ዝምታ ውስጥ ልታስገቡን ነው?» አሉን። ቀብዱም ቀረ።

ስለዚህ መጀመሪያ የስም ዝርዝር ይኑራችሁ። ከ10 እስከ 15 አዛውንት ሰብስቡ፤ ቡና ይፈላ፣ ስብሰባው አይቸኩል። የሚጠየቁት ራሳቸው ይሁኑ፣ ልጆቻቸው አይደሉም። ልጆች ፊት ሲጠየቁ «ልጄ የወደደው ይሁን» ይላሉ፤ ለብቻቸው ሲጠየቁ ሌላ ይናገራሉ። የት መኖር ይፈልጋሉ? ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ ክሊኒኩ፣ የሐበሻ ሱቁ ምን ያህል መቅረብ አለበት? ደረጃ ይወጣሉ? ማን ሊጠይቃቸው ይመጣል፣ ስንት ቀን ያድራል? ምግብ ራሳቸው ይሠራሉ? መልሱን ጻፉት። በኋላ አርክቴክቱም አበዳሪውም የሚጠይቋችሁ ይህንኑ ነው።

ዝርዝሩ 15 ሰው ላይ ከቆመ አትደንግጡ፣ ግን አትቀጥሉም። 40 ቤት ለመሙላት ከ40 በላይ ሰው በዝርዝር መያዝ አለበት፤ አንዳንዱ ሐሳቡን ይቀይራል፣ አንዳንዱ ይታመማል፣ አንዳንዱን ልጁ ሌላ ስቴት ይወስደዋል።

2. የእያንዳንዱን ገቢ በምስጢርና በጥንቃቄ ማወቅ

ይህ ክፍል አሳፋሪ መስሎ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እባካችሁ አትዝለሉት። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ያሉት አዛውንቶች በገንዘብ ረገድ ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ቶሎ የመጡት ናቸው፦ ታክሲ የነዱ፣ ፓርኪንግ ውስጥ የሠሩ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሌሊት ያደሩ። 40 የሥራ ክሬዲት፣ ማለትም 10 ዓመት ገደማ ስለሞሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ አላቸው። ሁለተኛዎቹ ቤት የነበራቸውና የሸጡ፣ ወይም ሊሸጡ ያሰቡ ናቸው። ሦስተኛዎቹ በልጆቻቸው ስፖንሰርነት አርጅተው የመጡ፣ እዚህ ያልሠሩ፣ ኤስኤስአይ የተባለውን ለዝቅተኛ ገቢ አረጋውያን የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ ብቻ የሚያገኙ ወይም እሱንም ያላገኙ ናቸው።

ለሦስተኛዎቹ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኤስኤስአይ የሚቀበል ሰው ያለው ሀብት ከ2,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት ከሆኑ ከ3,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። የሚኖሩበት ቤት በዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ በባንክ የተጠራቀመ ገንዘብ ግን ይቆጠራል። ስለዚህ አንዲት እናት ለድርሻ ብለው በስማቸው 5,000 ዶላር ቢያጠራቅሙ፣ ቤት ሳይገቡ ድጎማቸው ሊቋረጥ ይችላል። ልጅ ሊከፍልላቸው ቢፈልግ እንኳ አከፋፈሉ በድጎማው ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። አንድ ዶላር ከመንቀሳቀሱ በፊት ነፃ የሕግ አገልግሎት ከሚሰጥ ቢሮ ጋር ስለ እያንዳንዱ ሰው ተነጋገሩ።

3. ማኅበሩን በሕግ ማቋቋም

እያንዳንዱ ስቴት የራሱ የኅብረት ሥራ ሕግ አለው። ጠበቃችሁ ኮኦፕ የሚያውቅ ይሁን፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወዳጃችን ስለሆነ ብቻ ይህን አይሠራም። ሦስት ወረቀት ያስፈልጋችኋል፦ ማኅበሩን የሚመሠርተው ሰነድ፣ መተዳደሪያ ደንቡ፣ እና አባሉ ከማኅበሩ ጋር የሚፈራረመው የመኖሪያ ውል። የድርሻውን ዋጋ የሚገድበው አንቀጽ በደንቡም በውሉም ላይ ይግባ።

ስለ ዕድሜ፣ በ1995 የተሻሻለው የፌዴራል ሕግ ሁለት መንገድ ይሰጣል፦ ሁሉም ነዋሪ 62 ዓመት የሞላው እንዲሆን፣ ወይም ቢያንስ ከመቶ ሰማንያው ቤት 55 ዓመት የሞላው አንድ ሰው እንዲኖርበት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ባል 66፣ ሚስት 58 የሆኑበት ቤት ብዙ ነውና።

አሁን ብዙዎቻችን መስማት የማንፈልገው ነገር። «ለሐበሻ ብቻ» ብሎ ቤት መሥራት አይቻልም። ሰውን በትውልድ አገሩ፣ በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ለይቶ ቤት መከልከል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ ሲገባበት ደግሞ ማስታወቂያውን ለሁሉም ማድረስ ግዴታ ይሆናል። በስብሰባችን ላይ ይህ ሲነገር ቅሬታ ተነሣ። ግን አስቡት፦ እኛም በዚህ አገር ቤት ያገኘነው ይህ ሕግ ስላለ ነው። ማድረግ የምትችሉት ብዙ ነው፤ ስብሰባው በአማርኛ ተርጓሚ ይኑረው፣ ሥራ አስኪያጁ አማርኛ ይቻል፣ አዳራሹ ቡና የሚፈላበት ይሁን። ሶማሊያዊት ወይም ላቲኖ ጎረቤት ብትመጣ ቡናው ይበቃል።

4. ሂሳቡን ወረቀት ላይ ማየት

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ ስሌቱን ግን በራሳችሁ ቁጥር ድገሙት።

40 ቤቶች ያሉት ሕንፃ ከነመሬቱ 10 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል እንበል። እያንዳንዱ አባል 30,000 ድርሻ ቢከፍል 1.2 ሚሊዮን ይሆናል። የቀረውን 8.8 ሚሊዮን በሙሉ ከባንክ በ6 በመቶ ወለድ በ30 ዓመት ብትበደሩ፣ ለአንድ ቤት የዕዳው ክፍያ በወር 1,319 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ብድሩ ወደ 40 ዓመት ቢረዝም 1,210 ይሆናል። የ109 ዶላር ልዩነት ለጡረተኛ የወር አስቤዛ ነው። ለዚህ ነው የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት (ኤችዩዲ) ዋስ የሚሆንለትን የሴክሽን 213 የኮኦፕ ብድር መጠየቅ የሚበጀው፤ እስከ 40 ዓመት ይፈቅዳል። በዚህ የ40 ዓመት ብድር ክፍያ ላይ ለግብር፣ ለኢንሹራንስ፣ ለማሞቂያ፣ ለሥራ አስኪያጅና ለመጠባበቂያ 450 ብንጨምር በወር 1,660 ይሆናል። ይህን የሚከፍል አዛውንት ከዝርዝራችሁ ውስጥ ስንት አለ?

እንግዲህ ከከተማው፣ ከካውንቲውና ከስቴቱ 6 ሚሊዮን ዶላር በእርዳታ ወይም ክፍያው ለብዙ ዓመት በሚዘገይ ብድር አገኛችሁ እንበል። የባንኩ ብድር 2.8 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል። በ40 ዓመት ብድር የዕዳው ክፍያ በቤት 385፣ ጠቅላላው 835 ዶላር። ሰው ከገቢው ከመቶ 30 በላይ ለቤት አይክፈል የሚለውን ልማድ ከያዝን፣ ለ835 በወር 2,780 ገደማ የሚያገኝ ቤተሰብ ያስፈልጋል። ሁለት ጡረተኞች አብረው የሚኖሩ ከሆነ ሊደርሱበት ይችላሉ። ኤስኤስአይ ብቻ ያላቸው እናት ግን አይደርሱበትም።

ይህን ሳልሸፍን መናገር እፈልጋለሁ፦ ኮኦፕ ብቻውን ለደኻው አይደርስም። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው የሴክሽን 8 ቫውቸር የሚባለው የመንግሥት የቤት ክፍያ ድጎማ ነው፤ ድጎማውን የሚሰጠው የአካባቢው የቤቶች ባለሥልጣን ከፈቀደ በኮኦፕ ውስጥም ይሠራል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ባለሥልጣኑን አነጋግሩ። ሁለተኛው፣ ዝርዝራችሁ ውስጥ አብዛኛው ሰው ኤስኤስአይ ብቻ ያለው ከሆነ ኮኦፑን መተው ነው። በ1959 የተጀመረው የሴክሽን 202 ፕሮግራም ትርፍ የማይፈልጉ ድርጅቶች ለ62 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ገቢያቸው በጣም ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የኪራይ ቤት እንዲሠሩ ያግዛል። ነዋሪው የሚከፍለው እንደ ገቢው ነው። የኮኦፕ ፍቅር ይዞን ድሆቹን ውጭ ከምንተው፣ ከእንዲህ ዓይነት ድርጅት ጋር ብንሠራ ይሻላል።

ገንዘቡን የት እንደምትጠይቁ ለምትሉ፦ ከተማውና ስቴቱ የሚያከፋፍሉት ሆም እና ሲዲቢጂ የተባሉ የፌዴራል ገንዘቦች አሉ፤ ብዙ ከተሞች የራሳቸው የቤቶች ፈንድ አላቸው፤ የፌዴራል ሆም ሎን ባንኮችም በአባል ባንኮቻቸው በኩል ለርካሽ ቤቶች እርዳታ ይሰጣሉ። ለኮኦፕ ብድር የለመደው በ1978 በኮንግረስ የተመሠረተው ናሽናል ኮኦፐሬቲቭ ባንክ ነው። የማመልከቻ ጊዜው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ስላለ ካላንደር ይዛችሁ ተከታተሉ። ገንዘብ ለማሰባሰብ ብቻ ሁለትና ሦስት ዓመት ቢፈጅ እንደ ሽንፈት አትቁጠሩት።

5. ቦታ

አሁን መሬት። ቀብድ አትክፈሉ፣ ኦፕሽን ፈርሙ። በኦፕሽን ትንሽ ገንዘብ ከፍላችሁ ባለቤቱ ለተወሰኑ ወራት ለሌላ እንዳይሸጥ ታደርጋላችሁ፤ ዞኒንጉ፣ ማለትም የከተማው የመሬት አጠቃቀም ደንብ፣ ካልፈቀደ ወይም ገንዘቡ ካልተሟላ ትተዉታላችሁ። ሰፊ ፓርኪንግ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናትን ጠይቁ፤ የፈረንጆቹም ምእመናን እየቀነሰባቸው መሬታቸውን ለበጎ ነገር ማዋል የሚፈልጉ አሉ። መሬቱን የመሬት አደራ ድርጅት፣ ማለትም መሬት ለማኅበረሰቡ ጥቅም ይዞ የሚያቆይ ተቋም፣ ይዞት ማኅበሩ ለ99 ዓመት ቢከራየው የመሬቱ ዋጋ ከድርሻው ላይ ይነሣል።

አዲስ መሥራት ብቻ ግን መንገድ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ ከ1980 ጀምሮ ሕንፃ ሲሸጥ ተከራዮች ቀድመው የመግዛት ዕድል እንዲያገኙ የሚያደርግ ሕግ አለ፤ በዚህ መንገድ ኮኦፕ የሆኑ ሕንፃዎች ብዙ ናቸው። ሕጉ ስለሚሻሻል የእናንተ ሕንፃ ይካተት እንደሆነ ጠበቃ ይመልከተው። የሽያጭ ማስታወቂያ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ መጥቶ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ቀኑ ያልፋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ደብዳቤ የሚያነብ አንድ ወጣት ይመደብ።

6. ባለሙያዎቹና አደራው

ጠበቃ፣ አርክቴክት፣ የሂሳብ ባለሙያ፣ እና ኮኦፕ የሠራ ገንቢ ያስፈልጋችኋል። ገንቢውን ስትመርጡ ከዚህ በፊት የሠራቸውን ቤቶች ነዋሪዎች ራሳችሁ ሄዳችሁ አነጋግሩ። ክፍያው መቼ መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ይሁን።

አበዳሪው ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት አብዛኛው ቤት ተይዞ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ አባላት የመያዣ ገንዘብ ይከፍላሉ። ያ ገንዘብ በማንም ሰው ስም አይቀመጥ፤ የዕድሩ ሊቀ መንበር ቢሆንም፣ ካህን ቢሆንም። ሦስተኛ ወገን በሚይዘው ኤስክሮው ሂሳብ ይግባ፤ ፕሮጀክቱ ካልተሳካ እንደሚመለስ ውሉ ይናገር። በማኅበረሰባችን ብዙ ጥሩ ሥራ የፈረሰው በሌብነት ሳይሆን በመጠራጠር ነው። ወር በወር የሂሳቡን ወረቀት በአማርኛ አትማችሁ ስጧቸው።

7. ቤቱን ለአዛውንት መሥራት

ከመጋቢት 1991 እ.ኤ.አ. በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የገባበት፣ አራትና ከዚያ በላይ ቤት ያለው ሕንፃ ሁሉ የአካል ጉዳተኛ መግባት እንዲችል ተደርጎ መሠራት እንዳለበት ሕግ ያዛል። እናንተ ከሕጉ እለፉ። በሮቹ ዊልቸር ያስገቡ፣ ሻወሩ ደፍ አይኑረው፣ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ከአሁኑ እንጨት ይቀበርበት፤ መያዣው ብረት ዛሬ ባያስፈልግ ነገ ይታሰርበታል።

ለአርክቴክቱ ሳትነግሩት የማያውቀው ግን ሌላ ነው። እንጀራ ይጋገራል፤ ስለዚህ የምጣዱን ኃይል የሚችል የኤሌክትሪክ መሥመርና እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ያስፈልጋል፤ አየሩን መልሶ ቤት ውስጥ የሚያዞረው አይበቃም። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ የእሳት ማንቂያው እየጮኸ 40 ሰው በበረዶ እንዳይወጣ፣ ቡና የሚፈላበት ክፍል የራሱ የአየር ማስወጫ ይኑረው፤ የከተማውን የእሳት አደጋ ባለሙያ በንድፉ ጊዜ ጥሩት። ኮሪደሩ ሰፊና ብርሃን ያለው ይሁን፤ በሚኒሶታ ክረምት የእግር መንገዳቸው እሱ ነውና። ከሩቅ ለሚመጣ ዘመድ አንድ ሁለት የእንግዳ ክፍል ይዘጋጅ፤ አለዚያ እንግዳ ሶፋ ላይ ወር ያድርና ጎረቤት ይጣላል።

8. ከገቡ በኋላ

ቦርዱን አባላት በየዓመቱ ይመርጣሉ። ከአዛውንቶቹ መካከል እንግሊዝኛ የሚችል ስለሌለ ብላችሁ ቦርዱን በልጆች አትሙሉት። ተርጓሚ ይቀጠርላቸው። በአገራቸው ትምህርት ቤት ያስተዳደሩ፣ ሆስፒታል የመሩ፣ ቀበሌ ያደራጁ ሰዎች እኮ ናቸው። የሂሳብ ሥራውን ሙያተኛ ሥራ አስኪያጅ ይያዘው፤ ቦርዱ ይቆጣጠር። ጣሪያና አሳንሰር አንድ ቀን መቀየራቸው ስለማይቀር ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው ገንዘብ በምንም ምክንያት አይነካ።

ማስታወስ ለሚከብዳቸው፣ ቤት ውስጥ ረዳት ለሚያስፈልጋቸው አባላት ምን እንደሚደረግ ሳይታመሙ ይጻፍ። እያንዳንዱ አባል ሲገባ የሚወክለውን ሰው ያስመዝግብ።

ከ15 እና ከ20 ዓመት በኋላ አንድ ፈተና ይመጣል። ሰፈሩ ይወደዳል፣ አንድ ሰው «ድርሻችንን በገበያ ዋጋ ብንሸጥ ለልጆቻችን ይተርፍ ነበር» ይላል። ኒውዮርክ ውስጥ በ1955 በወጣው፣ ሚቸል ላማ በተባለው የመካከለኛ ገቢ ቤቶች ሕግ ከተሠሩት ኮኦፖች አንዳንዶቹ ጊዜያቸው ሲደርስ በአባላት ድምፅ ወደ ገበያ ገብተዋል። የፔን ሳውዝ ነዋሪዎች ግን ከከተማው የግብር ቅናሽ ጋር በተያያዘ ውል በተደጋጋሚ ገደቡን አጽንተዋል። እናንተም ገደቡን በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ብቻ አትተዉት። ገንዘብ ከሰጣችሁ ከተማ ወይም ከመሬት አደራው ጋር በመሬቱ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ፤ ያኔ የአንድ ቀን ስብሰባ አይሽረውም።

ድርሻ የሚተላለፍበትን መንገድም አስቀድሙ። አባል ሲያርፍ ድርሻው የወራሾቹ ገንዘብ ነው፤ ቤቱ ግን በተራ ዝርዝሩ ላይ ለሚጠብቀው ሰው ይሰጣል። ልጅ «እናቴ የኖረችበት ነው» ብሎ ሊገባ አይችልም፤ ይህን እናቲቱ በሕይወት እያለች ቤተሰቡ ሁሉ ይስማ። ቤቱን ለማስረከቢያ አንዳንድ ቦታ 30 ቀን ይሰጣል። የእኛ ደንብ ላይ 60 እንዲሆን ተከራክሬ አስገባሁ፤ አርባው ሳይወጣ ማንም የእናቱን ልብስ ከቁም ሳጥን አያወጣምና። የእነዚያን ቀናት የወር ክፍያ ከድርሻው ላይ ማኅበሩ ይይዛል፤ አርባውም እዚያው፣ ታች አዳራሹ ውስጥ ይወጣል።